ክፍት ሶፍትዌር የት ድረስ ያስኬዳል? ለኮምፒውተርና ለስልክ የምርጫ መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ የወጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ተቀይሮለት ገና ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል የ6ኛ ወይም የ7ኛ ጄኔሬሽን ማሽን በአንድ ቀን ጊዜው ያለፈበት ተባለ። በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም በማሰብ «ሊኑክስ ላስጭንበት?» የሚለው ጥያቄ የበዛው ከዚህ ወዲህ ነው። እግረ መንገዱንም ኦፊስን፣ ፎቶሾፕን፣ የስልኩን ሲስተም፣ ቴሌግራምን በክፍት ሶፍትዌር መተካት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ ነው።

ክፍት ሶፍትዌር ስል ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የተፈቀደለት ማለቴ ነው። ሊኑክስ፣ የቢሮ ፕሮግራሙ ሊብረኦፊስ፣ ብሮውዘሩ ፋየርፎክስና የመልእክት አፑ ሲግናል ከዚህ ወገን ናቸው። ዊንዶውስ፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ ፎቶሾፕና ጎግል ማፕስ ዝግ ናቸው። መሐል ላይ የቆሙም አሉ፦ የአንድሮይድ መሠረቱ ክፍት ሲሆን በላዩ የሚጫነው የጎግል አገልግሎት ዝግ ነው፤ የቴሌግራም አፕ ኮዱ ይታያል፣ የሰርቨሩ ግን አይታይም።

በእኔ እምነት «ሊኑክስ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት «ሥራዬን የምቀባበለው ከማን ጋር ነው?» ነው። ክፍት ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ራሱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ከሌላ ሰው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ በሚጠይቀው ፋይል፣ ባንኩ በሚፈቅደው ስልክ፣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ በሚልከው ሰነድ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ዛሬውኑ ይበቃዋል። ከብዙ ሰው ጋር ለሚቀባበል ሰው ግን እያንዳንዱን መገናኛ አስቀድሞ መፈተሽ ግድ ይላል።

ስለ ዋጋም በግልጽ እንነጋገር። ሌላ አገር ሰው ወደ ክፍት ሶፍትዌር የሚሳበው መጀመሪያ ነፃ በመሆኑ ነው። እኛ ጋ ዊንዶውሱም ኦፊሱም ፎቶሾፑም ክራክ ተደርጎ በትንሽ ብር ስለሚጫን ልዩነቱ ኪስ ላይ አይታይም። የሚከፈለው በሌላ በኩል ነው። ክራክ ማድረጊያው ፕሮግራም አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል፣ ውስጡ ምን እንደያዘም የሚነግራችሁ የለም። ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ ይዛችሁት የምትመጡት፣ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። በየጊዜው ፎርማት ማስደረግ ለሰለቸው ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሮጌው ላፕቶፕ

ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ማሽን ያለው ሰው ሦስት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሰጥቷል፤ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ያስኬዳል፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ግን ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የማይነካ፣ ሂሳብ ብቻ የሚሠራበት ከሆነ ባለበት ይቆይ ባይ ነኝ። ሁለተኛው ዊንዶውስ 11ን መስፈርቱን አልፎ በግድ መጫን ነው። ይቻላል፣ ብዙዎችም አድርገውታል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሎ አስቀምጧል፤ አንድ ቀን ቢቋረጥ የሚጠየቅ አካል የለም።

ሦስተኛው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ስላለው ጀማሪ ምርጫው ውስጥ ይጠፋል፤ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንትን እመክራለሁ። ከታች ያለው የጀምር ሜኑ፣ የፋይል ማውጫው፣ የሰዓቱ ቦታ ሳይቀር የለመደውን ይመስላል። ሚንት 22 የተመሠረተው ኡቡንቱ 24.04 በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ስለሆነ ማሻሻያው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። 4 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት፣ 8 ጊጋና ከዚያ በላይ ላለው ሲናሞን የተባለውን ምረጡ።

እዚህ ላይ የሊኑክስ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ልናገር። ሊኑክስ አሮጌ ማሽንን ያነቃል ሲባል እውነት ነው፣ ግን ሲስተሙን እንጂ ብሮውዘሩን አይደለም። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ራም የሚበላው ሊኑክስ ላይም ነው። 4 ጊጋ ራም ይዞ ዩቲዩብን፣ ፌስቡክንና ጎግል ዶክስን አንድ ላይ የሚከፍት ሰው መንቀራፈፉ አይቀርለትም። መጀመሪያ ራም መጨመርና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ከየትኛውም ሲስተም የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሊኑክስ ለምርጫ የሚመቸው ሳይጫን መሞከር በመቻሉ ነው። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የሞባይል ዳታ ለሚገዛ ሰው ቀላል ስላልሆነ ከጓደኛ በፍላሽ መውሰድ ወይም ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ማውረድ ይሻላል። ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሱት። ዲስካችሁን ሳይነካ ይሠራል። ያኔ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን፣ ፕሮጀክተር ሲሰካ ማሳየቱን አንድ በአንድ እዩ። ብሮድኮም የዋይፋይ ካርድ ያላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ሾፌር ለማውረድ መጀመሪያ በኬብል ወይም በስልክ ዩኤስቢ መገናኘት ይፈልጋሉ። የጣት አሻራ ማንበቢያው በብዙ ሞዴሎች ላይ አይሠራም፤ እሱን ተስፋ አድርጎ መግባት አያስፈልግም።

ፕሪንተር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አዳዲስ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ሊኑክስ ላይ ያለ ሾፌር ይሠራሉ፤ ከዊንዶውስ ይልቅ የሚቀሉበትም ጊዜ አለ። ችግሩ በየቢሮውና በየጽሕፈት ሥራ ቤቱ ያሉት አሮጌ ሌዘሮች ላይ ነው። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 እና ፒ1102 ከኤችፒ የሚወርድ ተጨማሪ ዝግ ፋይል ካልተጫነላቸው አይንቀሳቀሱም፤ ፋይሉ ሲገባላቸው ግን ደህና ይሠራሉ። ካኖን ኤልቢፒ 2900 ደግሞ ካፕት በሚባል የካኖን የራሱ ቋንቋ ስለሚናገር አዳዲስ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ማስነሳቱ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ያደክማል። ሥራችሁ በዚህ ፕሪንተር ላይ የቆመ ከሆነ አንድ የዊንዶውስ ማሽን አታጥፉ።

ሌላው ጠጋኙ ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ ሰፈራችሁ ያለው ኮምፒውተር ቤት በአንድ ከሰዓት ይመልሰዋል። ሊኑክስ ሲበላሽ ያው ጠጋኝ የሚያቀርብላችሁ መፍትሔ «ዊንዶውስ ልጫንበት?» ሊሆን ይችላል። መጣጥፉና የቪዲዮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሞልቷል፣ በአማርኛ ግን ጥቂት ነው። ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት ሲቸገሩ የሚደውሉት ለእናንተ መሆኑን አስቡበት። ለዚያ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ግን ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና የቤተሰብ ፎቶ ብቻ ለሚያይ ሰው ከሚንት የተሻለ አርፎ የሚቀመጥ ሲስተም አላውቅም።

ጌም የሚጫወት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ነገሩ አጭር ነው። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፕሮቶን በተባለ ፕሮግራም አማካይነት እጅግ ብዙ የዊንዶውስ ጌሞች ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ፤ የማጭበርበር መከላከያ ካለባቸው ግን ብዙዎቹ ይዘጋሉ። ፎርትናይት፣ ቫሎራንትና አዳዲሶቹ የኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ጌሞች አይነሱም። ኤፍሲ የማይቀርለት ሰው ዊንዶውስ ላይ ይቆይ።

አማርኛ መጻፍ

አማርኛ አንባቢ ሊኑክስን ሲያስብ መጀመሪያ የሚፈራው ይህን ነው። ፍርሃቱ ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚይዙበት ደንብ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዊንዶውስ ላይም፣ ሊኑክስ ላይም፣ ስልክ ላይም አንድ ነው። ሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉት ነፃ ፎንቶች በቀላሉ ይገኛሉ። መጻፊያው ደግሞ ኪማን ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ሶፍትዌር ሆኗል፣ ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ለአንድሮይድም ስላለ በአንዱ የለመዳችሁትን አጻጻፍ ሌላው ላይ ታገኙታላችሁ። «ሰላም» ለማለት የላቲኑን ድምፅ የምትጽፉበት ዘዴ ያው ነው። የታተመ አማርኛን በስካን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ቴሰራክትም ክፍት ነው፣ አማርኛ ያነባል፣ የድሮ ሰነድ ለሚለቅም ሰው ሀብት ነው።

ችግሩ ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ቅርስ ላይ ነው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ አማርኛ ፊደል የለም። ኮምፒውተሩ የያዘው የላቲን ምልክት ሲሆን ፎንቱ በግዕዝ ቅርጽ ያሳየዋል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይወጣል። ይህ ዊንዶውስ ላይም ይደርሳል፤ ሊኑክስ ላይ የሚከፋው የመጻፊያ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ብቻ ስለተሠራ ሰነዱን ለማረም መንገድ መጥፋቱ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ዛሬም በነዚህ ፎንቶች ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ የሚጽፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ አዙሩ እንጂ ሲስተም ለመቀየር አትቸኩሉ። ሰነዱን ማዞሩ ዊንዶውስ ላይ ለሚቀረውም ሰው ይበጀዋል።

ኒያላም አለ። ይህ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ሊኑክስ ይዞት አይመጣም። በኒያላ የተጻፈ 40 ገጽ ሰነድ ሊብረኦፊስ ላይ በኖቶ ሲከፈት የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይዘልላል፣ ሠንጠረዡ ገጽ ይቀይራል፣ ማውጫውም ከገጹ ጋር መገጣጠሙን ያቆማል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ሁለቱም ወገን ሊጭነው በሚችል ነፃ ፎንት መጻፍ ነው። ሊብረኦፊስ በሰነዱ ንብረቶች ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የመክተት ምርጫ አለው፤ አብሩት።

ክፍት ሶፍትዌር በአማርኛ በግልጽ የሚሸነፍበት ቦታ ድምፅ ነው። ጎግል የአማርኛ ድምፅ ጽሕፈትን በ2017 እ.ኤ.አ. አስገብቶ ስልክ ላይ በየዕለቱ ይሠራል። በ2022 እ.ኤ.አ. ክፍት የሆነው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ዊስፐር አማርኛን በዝርዝሩ ቢይዝም የሚያወጣው ጽሑፍ ለሥራ አይበቃም። መጻፍ ለሚያስቸግረው፣ እየተናገረ ለሚያስጽፍ ሰው የጎግልን ኪቦርድ ጂቦርድን ንቀል አልለውም።

ሊብረኦፊስ ወይስ ማይክሮሶፍት ኦፊስ?

ሊብረኦፊስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ ነው። ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የክፍል ማስታወሻ፣ የቤት ወጪ ሠንጠረዥ፣ የዕድር መዝገብ ለሚሠራ ሰው ምንም አይጎድለውም። ለአንባቢ ብቻ የሚሄድ ነገር ከሆነ በፒዲኤፍ አውጥታችሁ ላኩ፤ በምን እንደተጻፈ የሚያውቅም የሚጠይቅም የለም።

የሚያጣላው መመላለስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን አማካሪው በወርድ ከፍቶ ዳር ላይ አስተያየት ጽፎ፣ የተቀየረውን በቀለም አሳይቶ ሲመልስለት፣ ተማሪው በሊብረኦፊስ አርሞ ሲልክ፣ ሦስተኛ ዙር ላይ የቁጥር ዝርዝሩና የሥዕሉ ቦታ መናጋት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ምልልስ ላለበት ሥራ ሁለቱም ወገን አንድ ፕሮግራም ይጠቀም። ወርድ የሌለው ሰው ብሮውዘር ላይ ያለውን ነፃውን ወርድ ወይም ጎግል ዶክስን ቢይዝ ይሻላል፤ ክፍት ባይሆኑም ከመጣላት ያድናሉ። ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም፣ የተጻፈባቸው የኤክሴል ፋይሎች ደግሞ ሊብረኦፊስ ላይ በሙሉ ይሠራሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። የጨረታ ሠንጠረዥ ወይም የደመወዝ ማስያ በማክሮ የሚመጣላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ አንዱን ከፍታችሁ እዩ።

የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ይህን በትልቁ አይታዋለች። ምክር ቤቷ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወሰነ፤ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ለዓመታት አዙሮ ከጨረሰ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ፖለቲካው ነበረበት፣ ግን ከሠራተኛው ይቀርቡ ከነበሩት ቅሬታዎች ውስጥ ከውጭ የሚመጡ ሰነዶች አለመገጣጠማቸውና አንዳንድ ልዩ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ብቻ መፈለጋቸው ነበር። እዚያው ጀርመን ውስጥ የሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት በ2024 እ.ኤ.አ. ሌላ ቅደም ተከተል መርጧል፤ 30 ሺህ ለሚሆኑ ኮምፒውተሮቹ መጀመሪያ ሊብረኦፊስን፣ ዊንዶውስን መተው ደግሞ ከዚያ በኋላ። ለግለሰብም ቢሆን ይህ ቅደም ተከተል ልክ ይመስለኛል። ሲስተሙን ሳትነኩ ዊንዶውሳችሁ ላይ ሊብረኦፊስን፣ ፋየርፎክስን፣ የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን ጫኑና ለጥቂት ወራት ሥሩባቸው። የማያስኬዳችሁ ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል፣ የጠፋ ነገርም አይኖርም።

ሙያችሁ ምንድን ነው?

አካውንታንት ከሆናችሁ ክርክር የለም። እኛ አገር የሂሳብ ሥራ ማስታወቂያ ፒችትሪ የሚያውቅ ይላል፤ ፒችትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ግኑካሽን የመሰለ ክፍት የሂሳብ ፕሮግራም የራሱን አነስተኛ ሱቅ ለሚመዘግብ ሰው ጥሩ ነው፣ ለቅጥር ግን አያበቃም። ሲቪል መሐንዲስም እንዲሁ፦ የሕንፃ ስትራክቸር ማስያው ኢታብስ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ አውቶካድም የሊኑክስ ዓይነት የለውም። ክፍቱ የንድፍ ፕሮግራም ፍሪካድ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 1.0 ደርሶ በጣም ተሻሽሏል፤ አማካሪ ድርጅቱም ኮንትራክተሩም የሚላላኩበት ዲደብልዩጂ የተባለው ፋይል ግን የአውቶካድ ሠሪው የአውቶዴስክ ነው፣ ክፍት ፕሮግራሞችም በልኩ አያነቡትም።

ግራፊክስ ትንሽ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። ለሶሻል ሚዲያ ፖስተር፣ ለቴሌግራም ቻናል ባነር፣ ለዩቲዩብ ሽፋን ክፍቶቹ ፎቶ ማረሚያው ጊምፕና ሥዕል መሥሪያው ኢንክስኬፕ ይበቃሉ። ጊምፕ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ላይ ኤፌክትን ፎቶውን ሳያበላሹ መልሶ የማረም አሠራርን አስገብቷል፤ ለረጅም ዓመታት ሲጠበቅ የነበረ ነው። ለኅትመት ሲሆን ግን ማተሚያ ቤት ሲኤምዋይኬ የተባለውን የኅትመት የቀለም አሠራር ይፈልጋል፤ ጊምፕ በዚያ በኩል ዛሬም ደካማ ነው፣ ኢንክስኬፕም እንዲሁ። ስክራይበስ የተባለው ክፍት ፕሮግራም ለኅትመት የሚሆን ፒዲኤፍ በሲኤምዋይኬ ያወጣል፣ ነገር ግን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ «የኢላስትሬተሩን ፋይል አምጣ» ካለ እሱም አያድንም። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምትማሩ ከሆነ አዶቢን መማር ግድ ነው። ደንበኛ ከመያዛችሁ በፊት የምታሳትሙበትን ቤት የምን ፋይል እንደሚቀበል ጠይቁ።

ክፍቱ የሚበልጥባቸውም ሙያዎች አሉ። ፕሮግራመር፣ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ዳታ የሚተነትን ተመራማሪ ሊኑክስ ላይ ይመቸዋል፤ የዓለም ሰርቨሮች በብዛት የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ብሌንደር በሦስት አቅጣጫ (3D) አኒሜሽን ከየትኛውም የሚከፈልበት ፕሮግራም ጋር ይወዳደራል። በእሱ የተሠራ የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም በ2025 እ.ኤ.አ. ኦስካር ወስዷል። አኒሜሽን መማር የሚፈልግ ወጣት ክራክ ፍለጋ ጊዜውን የሚያቃጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስልክ

ለብዙዎቻችን ስልክ ብቸኛው ኮምፒውተር ነው፤ ገንዘባችንም እዚያው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ እጠነቀቃለሁ።

ላይኔጅኦኤስ፣ ግራፊንኦኤስና ስላሽ-ኢ-ኦኤስ ከጎግል የተላቀቁ ወይም ጎግልን በፈቃዳችሁ ብቻ የሚያስገቡ የአንድሮይድ ዓይነቶች ናቸው። ግራፊንኦኤስ በደኅንነት በኩል እጅግ የተመሰገነ ነው፣ የሚጫነው ግን ጎግል ፒክስል ላይ ነው። ላይኔጅኦኤስ ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሞዴሎችን ይደግፋል፤ እኛ ጋ በብዛት የሚያዙትን ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴልን በይፋዊ ዝርዝሩ ውስጥ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ሳምሰንግ ላይ ሌላ ሲስተም ለመጫን ቡትሎደር የተባለውን የማስነሻ ቁልፍ ስትከፍቱ ኖክስ የሚባለው መከላከያ ለዘለቄታው ይበላሻል፤ የመጀመሪያውን ሲስተም መልሳችሁ ብትጭኑም እሱ አይመለስም።

ከሁሉ የሚበልጠው እንቅፋት ባንክ ነው። ጎግል «ፕለይ ኢንተግሪቲ» የተባለ መፈተሻ አለው። አንድ አፕ ይህን ሲጠቀም ስልኩ በጎግል የታወቀ ሲስተም ላይ መሆኑን ይጠይቃል፤ ካልሆነ አፑ አልከፈትም ሊል ይችላል። የባንክና የክፍያ አፖች ይህን የሚጠቀሙት ለደንበኛ ደኅንነት ብለው ነው። ውጤቱ ግን ከፋብሪካው ዓመታት ማሻሻያ ያላገኘ ስልክ አልፎ፣ ሰሞኑን የተሻሻለ ላይኔጅኦኤስ ያለው ስልክ የሚታገድበት ሁኔታ ሆኗል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ቢሆንም ተጠቃሚው በፍላጎቱ ብቻ የሚያስተካክለው አይደለም።

አንድ መውጫ አለ፣ እሱም ከስማርትፎን በፊት የነበረው ነው። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት በ*889# ያለ አፕ ይሠራሉ። ዩኤስኤስዲ የሚባለው ይህ በኮድ የመደወል አሠራር የስልኩን ሲስተም አይጠይቅም። ሂሳብ ለማየትና ገንዘብ ለመላክ ይበቃል፤ ኪውአር ስካን ማድረግና ደረሰኝ ማውረድ ግን አይቻልበትም።

ምክሬ ይህ ነው፦ ገንዘባችሁ ያለበትን ብቸኛ ስልክ ሲስተም አትቀይሩ። ኤፍ-ድሮይድ የተባለውን የክፍት አፖች መደብር ጫኑና ዝግ አፖችን አንድ በአንድ ተኩ። መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ ካላችሁና በላይኔጅኦኤስ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ እዚያ ላይ ሞክሩ። ለልጅ ማንበቢያ፣ ለሙዚቃ፣ ለካርታ እንደ አዲስ ያገለግላል።

ሲግናልና ቴሌግራም

ቴሌግራም ላይ ተራ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም። መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሠራው «ሲክሬት ቻት» ሲከፈት ነው ያ ምስጢር የሚኖረው። ግሩፕ ላይ ጭራሹን የለም። ሲግናል ሁሉንም መልእክት፣ ግሩፑን ጨምሮ፣ ሳይጠየቅ ይመሰጥራል፤ አፑም ሰርቨሩም ኮዳቸው ክፍት ነው። ዋትስአፕ ራሱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀመው የሲግናልን የምስጠራ ዘዴ ነው። በደኅንነት ከሆነ ውድድር የለም።

ግን እኛ ቴሌግራም ላይ ያለነው ለቻት ብቻ አይደለም። የፈተና ጥያቄ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የቤትና የመኪና ሽያጭ፣ መዝሙር፣ ዜና፣ የተማሪዎች ግሩፕ እዚያ ነው። ሲግናል ቻናል የለውም፤ ግሩፑም 1,000 ሰው ላይ ይቆማል፣ የቴሌግራም እስከ 200,000 ይደርሳል። ቴሌግራም ስልክ ብትቀይሩ ሁሉንም መልሶ ያመጣል፤ ሲግናል ላይ ባክአፕ ካላበራችሁ ስልኩ ሲሰረቅ ቻቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መተካት ሳይሆን ማከፋፈል ነው የሚያዋጣው፦ ሰፊው አደባባይ ቴሌግራም ላይ ይቆይ፣ የባልና ሚስት ንግግር፣ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የጋዜጠኛና የምንጩ መልእክት ሲግናል ላይ ይሁን። ቤተሰብን ለማምጣት ሦስት አራት ሰው ይበቃል።

ዱባይና አቡዳቢ ላሉ እህትና ወንድሞች ግን ይህ ሙሉ መፍትሔ አይደለም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕም በሲግናልም የድምፅ ጥሪን ስለሚዘጋ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ብቻ ነው የሚያልፈው። ለጥሪ እዚያ አገር የተፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉ ዝግ አፖች ናቸው፤ ምርጫው በሕግ ተወስኗል።

ካርታ

ኦፕንስትሪትማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሳል የዓለም ካርታ ነው። ስልክ ላይ በኦርጋኒክ ማፕስ ወይም በኦስማንድ ይከፈታል። የአገሪቱን ካርታ አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ፍለጋውም አቅጣጫ ማሳየቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ በሚጠፋበት ገጠር፣ ዳታ ባለቀበት ቀን፣ ወይም ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእግር መንገድ፣ ምንጭና ወንዝ በብዙ ቦታ ከጎግል ይበልጥ በዝርዝር ይገኝበታል።

የሌለው ነገር ደግሞ ከተማ ውስጥ ያስፈልጋል። የትራፊክ መጨናነቅን አያሳይም፤ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በምሽት መውጫ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ጎግል ይሻለዋል። አዲስ የተከፈተ ካፌ፣ ክሊኒክ ወይም ሱቅ፣ የሚከፈትበት ሰዓትና ፎቶው ጎግል ላይ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለቱም አፕ አብረው ቢቀመጡ ቦታ አይጣሉም። የምትኖሩበት ሰፈር ወይም የተወለዳችሁበት ቀበሌ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ስሙ ከጎደለ ወይም ከተሳሳተ እዚያው ኦርጋኒክ ማፕስ ውስጥ ነፃ አካውንት ከፍታችሁ በአማርኛ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ቀጣዩ የካርታ ፋይል ሲወርድ ለሌላውም ይታያል።